ካሜራው የት ነው የቆመው?

ሐምሌ 9 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስልኬ ጮኸ። አትላንታ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነው። «ጋሼ ተነስ፣ ኦል ስታር ሊጀመር ነው!» እዚያ ገና ማክሰኞ ማታ ነው። ቤዝቦል እንደማይገባኝ ያውቃል፤ ግን የ2017 ዓ.ም. የኮከቦች ጨዋታ እሱ ከተማ ስለነበረ አብረን እንድናይ ፈልጓል። ከተያየን ሰባት ዓመት አለፈን። አብሮ ማየት ለእኛ እንግዲህ እንዲህ ነው፤ እሱ ቲቪው ፊት፣ እኔ በላከልኝ ሊንክ ላፕቶፔ ላይ፣ ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ተነሳሁ።

ከጨዋታው በፊት የያዘኝ ካሜራው ነው። እግር ኳስን ከጎን ነው የምናየው። እዚህ ግን ዋናው ካሜራ ከሜዳው ማዶ፣ ከወርዋሪው ጀርባ ነው። የወርዋሪው ጀርባ፣ ፊት ለፊቱ ዱላ የያዘው መቺ፣ ቁጢጥ ያለው ተቀባይ፣ ከኋላው ዳኛው፤ ሁሉም ተጠጋግተው ይታያሉ። «ሰውዬው ከአምስት ሜትር እየወረወረ እንዴት ይስታል?» ብለው ሳቀብኝ። ለካ በመሀላቸው 18 ሜትር ከ44 ሴንቲ አለ!

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ካሜራው ከመቺው 120 ሜትር ይርቃል እንበል። ከወርዋሪው ደግሞ 102 ገደማ። የሁለቱ ርቀት ሬሾ 1.2 እንኳን አይሞላም፣ ስለዚህ በቁመት እኩል ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም፤ ዓይናችንም «ጎን ለጎን ናቸው» ብሎ ይፈርዳል። ሌላም አለ። ካሜራው ልክ በመሀል ቢቆም ወርዋሪው ስለሚጋርደው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጎን ሸሸት ይላል። ፓራላክስ! ማስመሪያ በጎን እያያችሁ ስታነቡ የምጮህባችሁ ነገር። ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ።

እንግዲህ በመጀመሪያው ዙር የአሜሪካን ሊጉ ወርዋሪ ስኩባል ለማቻዶ ወረወረ። ዳኛው ኳሷ ውጪ ናት አለ። እኔም ውጪ ናት አልኩ፣ በሙሉ ልብ። ስኩባል ግን ይታይልኝ አለ። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ኦል ስታር ላይ የኳሷን መንገድ በኮምፒውተር የሚለካ የይግባኝ ሥርዓት ነበር። ስክሪኑ ላይ ሳጥኑ መጣ፣ ኳሷ ነክታዋለች። ማቻዶ ወጣ። ዳኛው ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ውሳኔውን ቀየረ፤ ምንም አልሆነም፣ ቀጣዩ መቺ መጣ።

ወንድሜ እያወራ ነው፣ እኔ ግን አልሰማውም። 2009 ትዝ አለኝ።

10ኛ ክፍል፣ የሁለተኛ ሴሚስተር ፈተና፣ አዳራሽ ውስጥ። መድረኩ ጥግ ቆሜ ነበር። ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ልጅ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ፊቱ ያለችውን ልጅ ወረቀት ሲገለብጥ «አየሁ»። ሄጄ ወረቀቱን ቀማሁት፣ ዜሮ ጻፍኩበት። «ቲቸር፣ እኔ እኮ አላየሁም» ብቻ ነው ያለኝ።

ማታ ሳርም የሁለቱን ወረቀት አስተያየሁ። አይመሳሰልም። እሷ የሳተችውን እሱ አግኝቶታል። በመሀላቸው አንድ ባዶ ዴስክ እንደነበረም ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። እና ዝም አልኩ። ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ዙሪያዬን ያሉት ዲግሪ ያላቸው ናቸው፣ እኔ ባለ ዲፕሎማ ነኝ፤ ቃሌን ካጠፍኩ ክፍሉም ስታፍ ሩሙም ይንቀኛል ብዬ ፈራሁ። በዓመቱ ልጁ ትምህርት ቤት ቀየረ።

የቀረውን ጨዋታ በግማሽ ልብ ነው ያየሁት። ከርሾ ማይክ ተገጥሞለት ከኮሜንታተሮቹ ጋር እያወራ ይወረውር ነበር፤ እያወራ ጌሬሮን አስወጣው (እኔ ቾክ ይዤ ሰው ሲያናግረኝ ቀመር ይጠፋብኛል)። ናሽናል ሊግ 6 ለ 0 መርቶ 6 ለ 6 ሆነ። ከዚያ በኦል ስታር ታሪክ ታይቶ የማያውቅ፣ እንደ ፍጹም ቅጣት ምት ያለ መለያ መጣ። ሽዋርበር ሦስቴ መትቶ ሦስቱንም ከሜዳ አወጣቸው፤ የመጨረሻዋን በአንድ ጉልበቱ ወርዶ። ካሜራው ኳሷን ትቶ ዘወር ብሎ የሚዘሉትን ጓደኞቹን ሲያሳይ ወንድሜ ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ ነበር። ናሽናል ሊግ መለያውን 4 ለ 3 አሸነፈ። እዚህ ነግቷል።

ስልኩን ዘግቼ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ያን ወረቀት «ማስረጃ» ብዬ አስቀምጬው ነበር፣ እስካሁን አለ። ቀይ እስክሪብቶ ፈልጌ እንደገና አረምኩት።

ስምህን እዚህ አልጠራም፣ ራስህን ታውቃለህ። ጓደኞቹ የሆናችሁ አድርሱልኝ። ይቅርታህን እፈልጋለሁ፣ ባትሰጠኝም እረዳለሁ። ወረቀትህ እኔ ጋ ነው። ከ30፣ 24 ነው ያገኘኸው። 7ኛው ጥያቄ ላይ ዩኒት ረስተሃል።