ስልኩን ስንሰጥ አጠገባቸው እንቀመጥ

ኢምፔሪያል አካባቢ ባለው ቤታችን የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ስልክ ላይ አስፈሪ ቪዲዮ አይታ ሦስት ሌሊት በትክክል አልተኛችም። ዝም እንድትልልኝ ብዬ ስልኩን የሰጠኋት እኔው ነበርኩ። ነርስ ሳለሁ ለሕፃን መድኃኒት የምሰጠው ክብደቱን ለክቼ ነው፤ ኢንተርኔቱን ግን ሳልለካ ሰጠኋት።

ስልኩን ፈጽሞ መከልከል አልፈለግሁም። አሜሪካዊቷ ጄን ከርትዝ በልጅነቷ ማጂ ነው ያደገችው፤ የእኛኑ የተራራውን እሳት ተረት በ1994 እ.ኤ.አ. በሥዕል መጽሐፍ አሳትማለች። መጽሐፉን አንብበን ስንጨርስ ጎን ለጎን ተቀምጠን የደራሲዋን ድረ ገጽ ከፈትን።

«እማማ፣ መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች በሕይወት አሉ እንዴ?» አለችኝ።

አሁን በቀን ሃያ ደቂቃ ብቻ፣ አብረን እናያለን። መጀመሪያ መጽሐፉ፣ ቀጥሎ ድረ ገጹ። እንቅልፏም ተመልሷል። እናንተም ሞክሩት።