ቡሹሎ መንገድ ላይ ሞተር ሲጠፋ

ከሐዋሳ መሐል ከተማ ተነስቶ ወደ ቡሹሎ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ብዙ እናቶችን ያገኛል። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተቋቋመው የቡሹሎ ጤና ጣቢያ በእናቶችና በሕፃናት ሕክምና ስሙ የታወቀ ነው። ስለዚህም ልጇን ያዘለች ወይም ሆዷ የገፋ ሴት ከሞተር ሳይክል ኋላ ተፈናጣ ማየት እንግዳ አይደለም። ለነፍሰ ጡር የሚመከር መጓጓዣ አይደለም፤ ሌላ ያጣች ግን ምን ታድርግ?

በዚህ መሐል ሞተሩ ድንገት ቢጠፋ ሞተረኛው መርገጫውን መደጋገም ይጀምራል። ከዚያ በፊት አጠፋፉን ማስተዋል ይበጃል። እየተንተፋተፈ ቀስ ብሎ የጠፋ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚን አጥሮታል። መክፈቻውን ወደ መጠባበቂያው ማዞር የመጀመሪያው ሥራ ነው። የሰልባትዮው ክዳን ትንሽ የአየር ቀዳዳ አለችው፤ እሷ በአቧራ ከተደፈነች ቤንዚን እያለ አይወርድም። ክዳኑ ሲከፈት አየር ሽው ብሎ ከገባ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። በመንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚንም ውሃ ሊኖርበት ይችላል። ውሃው ስለሚከብድ ከካርቡራተሩ ሥር ይተኛል።

መብራት እንደሚጠፋ በአንዴ ድርግም ካለ ግን ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪኩ ነው። የካንዴላው ገመድ ወልቆ ይሆናል፤ ማጥፊያው በእጅ ተነክቶ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይይዛል። የአካባቢው ቀላል የእሳተ ገሞራ አቧራ የአየር ማጣሪያውን ሲደፍነው ደግሞ ይብሳል። ካንዴላው ከቀዘቀዘ በኋላ ፈትቶ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሞተሩ ግሎ፣ ጉልበት አጥቶ፣ መርገጫው አልወርድ ካለ ዘይት አልቆበት ተጣብቆ ይሆናል። ያንን በግድ ማስነሳት ፒስቶኑን ማበላሸት ነው፤ ለመካኒክ ይተው።

ተሳፋሪዋ ወርዳ ከአስፋልቱ ራቅ ብላ ትቁም። ቤንዚን ለማየት ክብሪት መጫር ፈጽሞ አይገባም። ምጥ የያዛት ከሆነች ግን ካንዴላ እስኪጸዳ አትጠብቅም፤ ያለፈው ባጃጅ ሁሉ ይለመንላት። ሌላው ከመነሳቱ በፊት «ወንድሜ፣ ቤንዚን ቀድተሃል? የካንዴላ መፍቻስ ይዘሃል?» ብላ ብትጠይቅ ነውር የለውም። ደህና ሞተረኛ በዚህ አይቀየምም።