ለኩትኳቶ የሚሆን ትንሽ ትራክተር

በኢትዮጵያ ስለ እርሻ ሜካናይዜሽን፣ ማለትም የሰውንና የከብትን ጉልበት በመሣሪያ ስለ መተካት፣ የሚጻፈውና የሚነገረው አብዛኛው ነገር በማረስ፣ በማጨድና በመውቃት ላይ ያተኮረ በመሆኑ፣ የአትክልት አምራቹን ጉልበት ከሁሉም በላይ የሚጨርሰው የአረምና የኩትኳቶ ሥራ ከውይይቱ ዳር ቀርቶ ይገኛል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሽንኩርቱንና ጥቅል ጎመኑን ሲሸምት የኖረው ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር በእግር ከሚደረስበት ከፒያሳው አትክልት ተራ ነበር፤ ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም በ2013 ዓ.ም. ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል፣ ዶሮ ማነቂያም በ2016 ዓ.ም. በመልሶ ማልማት ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ሄደዋል። ገበያው ቦታ ሲቀይርና ሰፈሩ ሲፈርስ፣ ከመቂና ከዝዋይ፣ ከፎገራ ወይም ከአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት የሚያቀርበው ሰው መሣሪያ ግን ያው ዶማና መኮትኮቻ ሆኖ ቀጥሏል። ጎንበስ ብለው ከጠዋት እስከ ማታ የሚያርሙትም በአብዛኛው ሴቶችና ወጣት የቀን ሠራተኞች ናቸው።

ትራክተር በአገሪቱ የገጠር ታሪክ ውስጥ ጥሩ ስም ብቻ ይዞ አልገባም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ በአሰላ ሥራ የጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ አነስተኛውን ገበሬ ለመርዳት የታሰበ ነበር፤ ይሁንና የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ እርሻን አትራፊ ሲያደርገው ባለርስቶች ትራክተር እየገዙ ወይም መሬታቸውን ለባለ ትራክተር እያከራዩ ጭሰኞቻቸውን አፈናቀሉ። ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ ትላልቆቹ ማሽኖች የመንግሥት እርሻዎች መገልገያ ሆኑ። በዚህ የተነሳ ትራክተር ሲባል በአብዛኛው ሰው አእምሮ የሚመጣው በሰፊ የስንዴ ማሳ ላይ የሚሠራው ባለ አራት ጎማ ነው፤ ይዞታው በአማካይ ከአንድ ሄክታር በታች ለሆነው የኢትዮጵያ ገበሬ ይህ የሚሆን አይደለም።

ለእርሱ የቀረበው አማራጭ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ነው፤ ይኸውም ነጂው ከኋላ እየተራመደ በሁለት ረጃጅም እጀታዎች የሚመራው፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ባለው ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር የሚሠራ፣ ኃይሉም ከሞተሩ ወደ ማርሽ ሳጥኑ በቺንጋ የሚተላለፍ ቀለል ያለ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረውና ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል የመራው ፋካሲ የተባለ ፕሮጀክት ይህን ትራክተር በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ ለማስተዋወቅ ሠርቷል። ትኩረቱ ግን ሳያርሱ በቀጥታ መዝራት፣ መውቃትና ማጓጓዝ ስለነበር፣ የአትክልት አምራቹ የኩትኳቶ ጥያቄ አሁንም መልስ ይጠብቃል።

ጥያቄው የሚጀምረው ከሞተሩ ሳይሆን ከመደቡ ነው። በምርምር የሚመከረው የሽንኩርት አተካከል በውሃ ቦዩ ግራና ቀኝ ባሉት መስመሮች መካከል 40፣ በአንድ መደብ ላይ ባሉት ሁለት መስመሮች መካከል 20፣ በተክልና በተክል መካከል ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከአንዱ ቦይ መሐል እስከ ቀጣዩ ቦይ መሐል ያለው ርቀት ስለዚህ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሁለቱ ጎማዎች ርቀት ወደ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ የተለመደ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር እዚህ ማሳ ውስጥ ሲገባ፣ አንዱ ጎማ በቦዩ መሐል ቢሄድ ሌላው ልክ በሽንኩርቱ መስመር ላይ ያርፋል። ርቀቱ 120 ሴንቲ ሜትር ቢደረግ ግን ሁለቱም ጎማዎች ቦይ ውስጥ ይውላሉ፣ በመካከላቸውም አራት የሽንኩርት መስመሮች ሳይነኩ ያልፋሉ። ሽንኩርት ቅጠሉ ቀጥ ያለና ጠባብ በመሆኑ መሬቱን በጥላ ሸፍኖ አረሙን ማፈን አይችልም፣ ሥሩም ጥልቀት የለውም፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው አፈሩን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚጭር፣ በተደጋጋሚ የሚመላለስ መሣሪያ ነው። ከትራክተሩ ጋር የሚመጣው በኃይል የሚሽከረከር የአፈር መፍጫ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ እርጥብ ዋልካ ላይ ሲገባማ የታችኛውን አፈር ለስኖ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ይፈጥራል።

ሌላው ችግር የእይታ ነው፤ ሞተሩ ከፊት ሲሆን ረድፉን ከነጂው ዓይን ይጋርዳል። የአሜሪካው ኩባንያ አሊስ ቻልመርስ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1955 ያመረተው ጂ የተባለ ትንሽ ትራክተር ሞተሩን ከነጂው ጀርባ በማድረጉ፣ ነጂው መኮትኮቻውን ከእግሩ ሥር ባለው ረድፍ ላይ ቁልቁል እያየ መምራት ይችል ነበር፤ በመሆኑም ጉልበቱ 10 የፈረስ ጉልበት ገደማ ብቻ ቢሆንም የአትክልት አምራቾች ዛሬም ይፈልጉታል። ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ ባለሙያ የሚከብድ አይደለም። ከዶሮ ማነቂያ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳው ሠራተኛ ሰፈር ከአጼ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነበር፣ የዛሬዎቹ የመርካቶ ብረት ሠራተኞችም ችሎታቸው የሚናቅ አይደለም። ሞተሩንና የማርሽ ሳጥኑን ገዝቶ፣ ፍሬሙን ከቱቦላሬ በይዶ፣ የጎማ ዘንጉን በቶርኖ አስረዝሞ የሚመጥን መሣሪያ ማውጣት ይቻላል። የመኮትኮቻ ጥርሱን ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ መሥራት የታወቀ ዘዴ ሲሆን፣ አንድ ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል፤ የባሌስትራ ብረት ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ ሲበየድ ብየዳው አጠገብ ይሰባበራል፣ ስለዚህ በብሎን ቢታሰር ይሻላል፣ ሲያልቅም በቀላሉ ይቀየራል። ቺንጋው ያለ ሽፋን ፈጽሞ መተው የለበትም። ባለ ሁለት ጎማ ትራክተሩን ቁልቁለት ላይ የሚነዳም አንድ ነገር አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ ወደ ግራ ለመዞር ጎማውን ከሞተሩ የሚያላቅቀውን የግራ የመሪ ፍሪሲዮን ሲይዝ፣ የተለቀቀው የግራ ጎማ በክብደቱ ፈጥኖ ስለሚወርድ ማሽኑ ወደ ቀኝ ይዞራል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ መወሰኑና የካፒታል ዕቃ ኪራይ አሠራር መኖሩ፣ ማለትም አከራዩ ድርጅት ማሽኑን ገዝቶ ገበሬው በየጊዜው እየከፈለ በመጨረሻ የራሱ ማድረግ መቻሉ፣ መንገዱን አቅልሎታል። ያም ሆኖ ብቻውን ለሩብ ሄክታር ሽንኩርት ትራክተር መግዛት የሚያዋጣ አይመስልም። በባንግላዴሽ ከእ.ኤ.አ. 1988ቱ ጎርፍ በኋላ የማስመጣት ገደቡ ሲላላ የቻይና ባለ ሁለት ጎማ ትራክተሮች አገሪቱን ያዳረሱት፣ ጥቂቶች ገዝተው ለብዙዎች በኪራይ ስለሠሩባቸው ነው። ለኩትኳቶ ግን ኪራዩ አንድ ተጨማሪ ስምምነት ይፈልጋል፤ ማረሻ በየትኛውም ማሳ ይገባል፣ መኮትኮቻ ግን የሚገባው ለእርሱ ልክ በተተከለ ማሳ ብቻ ነው። የፎገራም ሆነ የመቂ የአትክልት ማኅበር ማሽን ከማዘዙ በፊት አባላቱ በአንድ የቦይ ርቀት መስማማትና ችግኙ ሲተከል ይህንኑ ርቀት በችካልና በገመድ መለካት ይኖርባቸዋል፤ ለበያጁና ለቶርኖ ቤቱ የሚሰጠው የመጀመሪያ ልክም ይኸው ይሆናል።