ምን አለሽ?

አዲሱ ዓመት ሊብት ጥቂት ቀን ሲቀረው ቤታችንን ስናጸዳ፣ በጓዳው ጥግ የተከማቸውን አሮጌ ዕቃ አወጣን። ወዲያው የቆራሌው ድምፅ ስለ ተሰማ ጠርተን አሳየነው። «ቆርቆሮ ያለው» የሚለው ጥሪ በልማድ አጥሮ «ቆራሌው» እንደ ሆነ ይነገራል። እርሱም ጠርሙሱንና ጣሳውን በዋጋ ተስማምቶ ወሰደ። ዳሩ ግን የዛገው በርሜልና ያለቀው የመኪና ጎማ ከማዳበሪያው የማይገቡ ሆኑበት። የቤታችንን እመቤት፣ «እትዬ፣ ይኸንስ ምናለሽ ተራ ይውሰዱት፤ የባትሪ ድንጋዩን ግን ማንም አይገዛዎት» አላት።

በማግሥቱ ሁሉንም አስጭነን መርካቶ ወረድን። ወደ ሰፈሩ ገና ሳንደርስ የመዶሻው ድምፅ ተቀበለን። በዚያ አንዱ በርሜል ይቀድዳል፤ ሌላው ያቃናል፤ ሦስተኛው ቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ፣ አክንባሎ ወይም የቡና መቁያ ያደርገዋል። ጎማውም በስለት ተሰንጥቆ በረባሶ ይሆናል። እኛ የጣልነውን ሌላው ቤተ ሰብ ገዝቶ እንጀራውን ይጋግርበታል። የሰፈሩ ስም ራሱ ለባለቤቲቱ የቀረበ ጥያቄ መሆኑን ያን ጊዜ አስተዋልን።

የባትሪ ድንጋዩን የሚቀበል ግን አላገኘንም። አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ አይተው፣ «ይኸ አይቀጠቀጥም፤ ከእሳትም አይገባም። ልጅ እንዳያገኘው ለይታችሁ አስቀምጡት» አሉን።

ስንመለስ ረጲ ትዝ አለን። ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል የከተማው ጥራጊ ሲቆለልበት የኖረው ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ፣ በሥሩ ከነበሩት ወገኖቻችን ከ110 የሚበልጡት ሞቱ። ከደጃችን የወጣ ነገር ከዓለም የወጣ ይመስለናል፤ ነገር ግን የሚያርፈው በሌላ ሰው ደጅ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ጥራጊያችሁን ከመድፋታችሁ በፊት ለዩ። ጠርሙስና ጣሳ ለቆራሌው ይሁን፤ ከባዱ ብረትና ጎማ ወደ ምናለሽ ተራ ይሂድ። የባትሪ ድንጋይ ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር አፈርንና ውሃን ስለሚበክል፣ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሲያልቅ የሚሞላውን ዓይነት መግዛት ነው።

እኛም ያን ድንጋይ በቆርቆሮ ከድነን መልሰን ከጓዳችን አኖርነው። ለጊዜው ከዚያ የሚሻል ቦታ አላገኘንለትም፤ በሰው ደጅ ግን አልጣልነውም።