አይቶ ዝም ማለትም ያስቀጣል

ብዙዎቻችን የበሽተኛ ምስጢርን የአፍ ጉዳይ አድርገን ነው የምናስበው። ያወራ ይወቀሳል፤ አይቶ ዝም ያለ ግን በጨዋነቱ ይመሰገናል።

አንድ ሰው ግን በማየቱ ብቻ እስራት ተፈርዶበታል። በአገሩ በቻይና የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር፤ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የዩሲኤልኤ የሕክምና ተቋም በተመራማሪነት ተቀጥሮ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ2003 ከሥራ ሊሰናበት መሆኑ ተነገረው። በዚያው ሌሊት የአለቃውንና የባልደረቦቹን የሕክምና መዝገብ ከፍቶ አነበበ። በሦስት ሳምንት ውስጥ 323 ጊዜ ገብቶ አይቷል፤ አብዛኞቹ መዝገቦች የታዋቂ ሰዎች ነበሩ። ሸጠ ወይም ለሌላ ዓላማ አዋለው የሚል ማስረጃ አልቀረበበትም። በ2010 አራት ወር እስራትና 2,000 ዶላር ተፈረደበት። ድርጊቱ ሕገ ወጥ መሆኑን ማወቄ በክሱ ላይ አልተጠቀሰም ብሎ ይግባኝ አለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2012 አልተቀበለውም። የሰው የጤና መረጃ እያየ መሆኑን ማወቁ በቂ ነው፣ ሕጉን ማወቁ አይጠየቅም አለ።

ፍርዱ ትክክል ነው እላለሁ። ሰው ለሚስቱ ያልነገረውን ለሐኪሙ የሚናገረው መዝገቡን የሚያየው የሚያክመው ሰው ብቻ እንደሆነ አምኖ ነው። ያ እምነት የሚፈርሰው ወሬው ሲወጣ ሳይሆን መዝገቡ ያለ ሥራ ሲከፈት ነው።

* * *

ሰውየው የተቀጣበት የአሜሪካ ሕግ ሂፓ ይባላል፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የወንጀል ቅጣቱን የሚያከብደው የአጥፊው ሐሳብ ነው። እያወቀ የሰው መረጃ የወሰደ እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 50,000 ዶላር ይቀጣል። አታሎ ከሆነ እስከ አምስት ዓመትና 100,000 ይደርሳል። ለሽያጭ፣ ለግል ጥቅም ወይም ሰውን ለመጉዳት ከሆነ ደግሞ እስከ አሥር ዓመትና 250,000 ዶላር።

* * *

ጋዜጦች የሚጽፉት ስለ ዝነኞች ነው። ጆርጅ ክሉኒ በ2007 በሞተር ብስክሌት አደጋ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሆስፒታል ሲገባ፣ መዝገቡን ያለ ሥራቸው አይተዋል የተባሉ 27 ሠራተኞች ለአንድ ወር ያለ ደመወዝ ታገዱ።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የሚያውቅህ ሰው መዝገብህን ሲከፍት ነው። ኢንዲያና ውስጥ አንዲት የዋልግሪንስ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት የባሏን የቀድሞ ፍቅረኛ የመድኃኒት ማዘዣ መዝገብ ከፍታ አየች። በ2013 የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ድርጅቱና ፋርማሲስቷ በጋራ 1.44 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ወሰኑ። ሂፓ ለታካሚዋ በራሱ የመክሰስ መብት አይሰጣትም፤ ያሸነፈችው በክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው።

ዋሽንግተን ግዛት፣ ያኪማ በሚገኝ ሆስፒታል ደግሞ መዝገብ ሲያዩ የተገኙት 23 የጥበቃ ሠራተኞች ናቸው። የ419 ሰዎች መረጃ ተነካ፤ ሆስፒታሉ በ2023 በስምምነት 240,000 ዶላር ከፈለ። ጥበቃዎቹ ጥፋተኞች ናቸው። ለእነሱ መግቢያውን የከፈተው አሠራር ግን የባሰ ጥፋተኛ ነው።

* * *

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ልጆቻችን በየሆስፒታሉ ነርሶችና ረዳቶች ናቸው። ስልክ ይደወልላቸዋል። «ልጄ፣ እትዬ እንትና እናንተ ጋ ተኝታለች አሉ። ምን እንዳገኛት እስቲ አየት አድርጊልኝ።»

የደወሉት ከክፋት አይደለም። በሽተኛ መጠየቅ ለእኛ ግዴታ ነው፤ ጭንቀታቸውም እውነት ነው። ኮምፒዩተሩ ግን የልጅቱን ስም፣ ሰዓቱንና የከፈተችውን ገጽ ይመዘግባል። «አክስቴ አስጨንቃኝ ነው» የሚለው መልስ ሥራዋን አያድንላትም። በዚያ ሥራ አገር ቤት የምታስተምራቸው ወንድሞች ይኖሯታል። በብዙ ሆስፒታሎች የገዛ እናቷን መዝገብ እንኳ በሥራ መግቢያዋ መክፈት አይፈቀድላትም። ለእትዬ የተጨነቀ ሰው ሄዶ አልጋዋ አጠገብ ይቀመጥ። ምን እንዳገኛት መንገርም መደበቅም የእሷ መብት ነው።

* * *

ፊንላንድ ውስጥ ኤችአይቪ በደሟ ያለባት አንዲት ነርስ የምትታከመው በምትሠራበት ሆስፒታል ነበር። ባልደረቦቿ መዝገቧን እንዳዩት ጠረጠረች። መዝገቡ ግን ማን እንደከፈተው የሚያሳይ በቂ ምልክት አይዝም ነበርና ማስረጃ አጥታ በአገሯ ፍርድ ቤቶች ተረታች። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2008 ፈረደላት። መንግሥት ከጉዳት በኋላ ካሳ መፍቀዱ አይበቃም፣ አስቀድሞ ያልተፈቀደለት ሰው እንዳይገባ በተግባር መጠበቅ አለበት ሲል ወሰነ።

ማን እንዳየ ካልታወቀ የቅጣት አንቀጽ ማንንም አይቀጣም።

* * *

አገራችን ውስጥ ከሠፈሩ ጤና ጣቢያ ሸሽቶ ሌላ ከተማ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ። የሚፈራው ካርድ ክፍል የሚሠራውን ጎረቤቱን ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ያወጣን ይቀጣል፤ እሱም አፍን ነው የሚጠብቀው። ያለ ፈቃድ ኮምፒዩተር ውስጥ የገባን የሚቀጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል።

ሆስፒታሎቻችን ወረቀቱን እየተዉ ወደ ኮምፒዩተር እየገቡ ነው። ኢስቶኒያ ውስጥ ዜጋው መዝገቡን ማን እንደከፈተ ራሱ ገብቶ ያያል። ለእኛም ይህ ይሁንልን። ሥርዓቱን የምትገዙና የምትዘረጉ ኃላፊዎች፣ የከፋቹ ስምና ሰዓት ከመጀመሪያው ቀን ይመዝገብ፤ ታካሚውም ሲጠይቅ ይታይለት።