«ሥዕል 3ን ተመልከት» — የታለ ሥዕሉ?

እኛ እጩ መምህራን የማስተማሪያ ጽሑፋችንን በየክፍሉ አዘጋጅተን በአንድ ፋይል አጣመርነው። ካዛንቺስ ወርደን ስናሳትመው ግን «ሥዕል 3ን ተመልከት» በተባለበት ቦታ «ኤረር! ሪፈረንስ ሶርስ ኖት ፋውንድ» የሚል ወጣ። እንዴ! ኮምፒዩተሩ ላይ እኮ ደህና ነበር!

ነገሩ እንዲህ ነው። በወርድ «ክሮስ ሪፈረንስ» ተብሎ የሚገባ ቁጥር ተራ ጽሑፍ ሳይሆን ጠቋሚ ነው። የሚጠቁመውም በሥዕሉ መግለጫ ላይ ወደተተከለ ስውር ምልክት ነው። መግለጫው ተሰርዞ እንደገና ሲጻፍ ምልክቱ አብሮ ይጠፋል። ጠቋሚው እስኪታደስ ድረስ የድሮውን ቁጥር ይዞ ይቆያል፤ ጉዱ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በኅትመት ሰዓት ነው።

ካዛንቺስን የሚያውቅ ይህ አይጠፋውም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ብዙ ቤት ፈረሰ። ዛሬ «ከዳቦ ቤቱ ጎን» ብሎ አሮጌ ምልክት የሚሰጥ ሰው እንግዳውን መንገድ ላይ ያስቀራል።

እንግዲህ ምን ይሻላል? ከማሳተም በፊት ኮንትሮልና ኤ ተጭኖ ሁሉን መምረጥ፣ ቀጥሎ ኤፍ 9ን መጫን። ከዚያ «ኤረር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ፈልጎ ማግኘት፤ የተበላሸውን ሰርዞ ክሮስ ሪፈረንሱን እንደገና ማስገባት። ኤፍ 9 ብቻውን የጠፋ ምልክት አይመልስም። መግለጫ ሲታረምም ሙሉውን ከመሰረዝ የተሳሳተውን ቃል ብቻ ማረም ይበጃል።

ነገ በቂርቆስ ትምህርት ቤቶች ለልምምድ ስንቆም ወረቀቱ የተማሪው ነው። ተማሪ «ተመልከት» ሲባል ያምናል፤ ሥዕሉን ቢያጣ «እኔ ነኝ ያልገባኝ» ይላል እንጂ ወረቀቱን አይጠረጥርም። ስለዚህ ጓደኞች፣ የጠቆምነው ነገር በቦታው መኖሩን አስቀድመን እንይ!