ከአርዲቦ ዳር ወደ ዋልታው በረዶ ለምትሄድ ልጅ

ይድረስ፦ የዋልታ በረዶን ለማጥናት ከአምባሰል ለምትነሣው ልጅ።

ከአባቷ የተሰጠ ምክር።

ልጅ ቀድማ ልትረዳው የሚገባት፣ የመረጠችው ሙያ ከትውልድ መንደሯ የራቀ አለመሆኑን ነው። የአንታርክቲካ በረዶ ዓመት በዓመት እየተደራረበ የጥንቱን አየር በውስጡ አምቆ 800,000 ዓመት ወደ ኋላ የሚዘልቅ ማስረጃ አቆይቷል፤ የአርዲቦ ሐይቅና ከበታቹ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅም ከተራራው የታጠበውን ደለል ከነአበባ ብናኙና ከነከሰሉ በቅደም ተከተል ሲያስቀምጡ ኖረዋል።

በዋልታው ከምታጠናው አንዱ፣ ተንሳፋፊ የበረዶ ንጣፍ የሚባለው፣ ከየብስ ወደ ባሕር የሚወርድ ግግር በረዶ ከየብሱ ሳይለይ በውኃ ላይ የሚዘረጋው ክፍሉ ነው። አስቀድሞ የተንሳፈፈ በመሆኑ ቢቀልጥ በራሱ የባሕርን ከፍታ ብዙም አይጨምርም፤ ነገር ግን የአምባሰል ገበሬ በተዳፋት ላይ የሚሠራው የድንጋይ እርከን አፈሩን እንደሚገታ፣ እርሱም ከኋላው ያለውን የየብስ በረዶ ገትቶ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአንታርክቲካ ላርሰን ቢ የተባለው ንጣፍ 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲፈርስ፣ ከኋላው የነበሩት ግግር በረዶዎች ወደ ባሕር የሚወርዱበት ፍጥነት እጥፍና ከዚያም በላይ ጨምሯል፤ የባሕርን ከፍታ የሚጨምረውም ይህ ከየብስ የሚወርደው በረዶ ነው።

የሩቁ በረዶ ለኢትዮጵያ ምኗ ነው ለሚል ሰው ጣና መልስ አለው። ከ16,000 እስከ 17,000 ዓመታት ገደማ በፊት የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ክምር ተሰብሮ ወደ ሰሜን አትላንቲክ በገፍ በፈሰሰበት ዘመን፣ ባሕሩ ቀዝቅዞ የዝናቡ ሥርዓት ተናግቶ በአፍሪካ ብርቱ ድርቅ ሆኗል፤ ጣናም በዚያው ዘመን አካባቢ ደርቆ እንደነበር ከወለሉ የወጣው ደለል ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ ልጅ ያየችውን ጉዳት ሁሉ በአየር ንብረት ለውጥ ከማሳበብ መጠንቀቅ አለባት፤ ይህ በሙያው ውስጥ ከሁሉ የሚከብድ ፈተና ነውና። መሐመድ ኡመር የተባለው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመው፣ በአርዲቦና በሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቆች ደለል ላይ የተመሠረተ ጥናት እንደሚያሳየው፣ የዝግባና የጥድ ደን ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ተመንጥሮ በክትክታና በሣር ተተክቷል፤ ያንን ያደረገው በዋናነት የሰው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ደግሞ የጥድና የወይራ ደን ተመልሶ ተስፋፍቷል፤ ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ግን ምንጠራውና የአፈር መሸርሸሩ እንደገና በርትቷል። ደኑ አንድ ጊዜ መመለሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ለወሎ ተራሮች ተስፋ መቁረጥ እንደማይገባ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። የሙቀት መጨመር እውነት መሆኑ የምንጣሮን ጥፋት አይሸፍንም፤ የምንጣሮ ጥፋትም የሙቀቱን አደጋ አያስቀርም፤ የሁለቱን ድርሻ ለይቶ የሚያሳየው በየጊዜው የተመዘገበ ልኬት ብቻ ነው።

ስለዚህ ልጅ በዋልታው የምትማረውን የመለካት ጥበብ ለአርዲቦም እንድታውለው፣ ለዕረፍት በመጣች ቁጥር የውኃውን ከፍታ ከነቀኑ እንድትመዘግብ፣ የመዝገቡንም ቅጂ ደሴ ላለው ለወሎ ዩኒቨርሲቲ እንድታስረክብ አባቷ አደራ ይላታል።